«ይመከር» የሚለው ወረቀት

በትምህርት ቤት አማካሪነት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ከቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ወረቀቱ ላይ የልጁ ስም፣ የክፍሉ ቁጥርና የሒሳብ መምህሩ ፊርማ ሰፍሯል፤ መሐል ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል አለ፦ «ይመከር»። ምን አጥፍቶ እንደሆነ ስጠይቀው ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሣ «ክፍል ውስጥ ተኝቼ ነው ቲቸር» አለኝ። እኔም እንደታዘዝኩት መከርኩት። የትምህርትን ጥቅም፣ የጊዜን ውድነት፣ የወላጆቹን ድካም እያነሣሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ስናገር ከስድስት ጊዜ ያላነሰ «እሺ ቲቸር» አለኝ፤ ሲወጣም አመስግኖኝ ወጣ። ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ መዝገቤ ላይ «ምክር ተሰጥቶታል» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ያው ልጅ ያንኑ የመሰለ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ «ይመከር» ከሚለው ቃል ሥር ሁለት መስመር ተሰምሮበታል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ምክሬ አልቆብኝ ነበር። ያለኝን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ስለጨረስኩት የምናገረው አጣሁና፣ በእውነቱ ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ፣ የሚተኛው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና ማክሰኞና ሐሙስ መሆኑን ነገረኝ። ከክፍል ኃላፊው መምህር የቀሪ መዝገቡን አስመጥቼ ሳገላብጠው የሚያረፍድባቸውም ቀናት እነዚያው ሁለቱ ነበሩ። «ሰኞና ረቡዕ ማታ ቤታችሁ ምን አለ?» አልኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ። እናቱ በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ተረኛ ናት፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በሌሊት በየተወሰነ ሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ነው፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ሁለት ምክንያት ሰጠኝ። አንደኛው ማንም አለመጠየቁ ነው። ሁለተኛው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ቢናገር እናቱን የከሰሰ እንዳይመስልበት ፈርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም። በልጁ ፈቃድ ለሒሳብ መምህሩ ስለ ወንድሙ ሕመም ሳላነሣ በሁለቱ ሌሊቶች የቤት ኃላፊነት እንዳለበት ብቻ ነገርኩት፤ መምህሩም የማክሰኞውን አጭር ፈተና ወደ ዓርብ አዛወረው። እናቱን አስጠርቼ ተነጋገርን፤ ከሁለቱ ሌሊቶች አንዱን የምትሸፍን ዘመድ ተገኘች፤ ሌላኛው ሌሊት እንደነበረ ቀረ። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ውጤቱ የሚያስደንቅ ባይሆንም ወደ አሥረኛ ክፍል አለፈ። የረዳው የሁለተኛው ቀን ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ንግግሬ ግን ሦስት ሳምንት አባከነበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሣቸውን ልጆች ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። ሥራው ይህን ያስገድዳል፤ ልጆቹም ይህን ካላወቁ ሁለተኛ ደፍረው አያወሩም።)

ከዚያ ወዲህ በቋንቋችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ግሶች ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። «መከረ» እና «አማከረ» ከአንድ ሥር ይውጡ እንጂ አቅጣጫቸው የተለያየ ነው። «መከረ» ስንል የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ሰው ይናገራል፤ ቃሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። «ሐኪም አማከርኩ» ወይም «ጠበቃ አማከርኩ» ስንል ግን የግሱ ባለቤት ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ ነገሩን የሚያነሣውም፣ የሚጠይቀውም፣ በመጨረሻ የሚወስነውም እሱ ነው። «ተማከሩ» ሲባል ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የእኛ የሥራ መጠሪያ «አማካሪ» እንጂ «መካሪ» አይደለም፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን መምህሩም፣ ወላጁም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ አንዳንዴ ራሱ ባለሙያውም መካሪ አድርገው ያስቡታል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብ ብለን ካየነው በዚህ ተረት ውስጥ መካሪው አንድም ጊዜ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሁለት ጊዜ ተናገረና ልጁን ለመከራ አስረክቦት ሄደ።

ሙያው ራሱ ከዚህ ችግር ነፃ ሆኖ የተወለደ አይደለም። በአሜሪካ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ጄሲ ዴቪስ የሚባል ርዕሰ መምህር እ.ኤ.አ. በ1907 የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜን ተጠቅሞ ተማሪዎች ስለ ጠባያቸውና ስለ ወደፊት ሥራቸው እንዲያስቡ የሚያደርግ ትምህርት አስጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፍራንክ ፓርሰንስ በቦስተን ወጣቶች ሥራ እንዲመርጡ የሚያግዝ ቢሮ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ስላረፈ ዋናው ሥራው በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1909፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የፓርሰንስ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ወጣቱ መጀመሪያ ራሱን ይወቅ፣ ቀጥሎ የሥራውን ዓለም ይወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን በማስተዋል ያገናኝ። የዛሬው የሙያ ምክር ከዚህ ብዙም አልራቀም። ትልቁ መስፋፋት የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ጠፈር ባመጠቀች ማግስት አሜሪካ የሳይንስ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ቶሎ ለይቶ ማውጣት የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው ብላ ደነገጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግም ለፈተናና ለአማካሪዎች ሥልጠና ገንዘብ መደበች። በሌላ አነጋገር አማካሪው በብዛት ወደ ትምህርት ቤት የገባው እህሉን ከገለባው እንዲለይ ተፈልጎ ነው።

ይህን የማነሣው የታሪክ ትምህርት ለመስጠት ብዬ አይደለም፤ ልጆችን የመለየትና ልጆችን የማዳመጥ ሥራ እስከ ዛሬ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለሚጋፉ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ ባለጉዳዩ የራሱን መንገድ ማግኘት እንደሚችል፣ የአማካሪውም ሥራ መፍትሔ ማቀበል ሳይሆን ሰውየው ሳይፈራ የሚያስብበትን ሁኔታ መፍጠር መሆኑን ሲከራከር፣ በእኔ አመለካከት ሙያውን ከመካሪነት ወደ አማካሪነት ያሻገረው እሱ ነው። ያም ሆኖ በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ የሚጠበቅብኝ ሪፖርት ስንት ልጅ እንዳዳመጥኩ አይጠይቅም፤ ስንት ልጅ «ምክር እንደተሰጠው» ይጠይቃል።

ለመሆኑ በተዘጋው በር ውስጥ ምን ይሠራል? የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ስለ ምስጢር ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የምለው ነገር አለኝ፤ እዚህ የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል፤ ነገር ግን ራስህን የምትጎዳ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ ብቻዬን ይዤው አልቀመጥም፤ ያን ጊዜም ለማን እንደምናገር አስቀድሜ እነግርሃለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ማስጠንቀቂያ ልጁን ያስፈራዋል ይላሉ። በእኔ ልምድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጆች «ለማንም አልናገርም» የሚል አዋቂን አያምኑም፣ ምክንያቱም እንዲህ ብሎ የከዳቸው አዋቂ አይጠፋም። ወሰኑን በግልጽ የሰሙ ልጆች ግን ከወሰኑ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያወራሉ፤ አንዳንዶቹም ወሰኑን የሚያልፈውን ነገር ሆን ብለው፣ እንድናገርላቸው ፈልገው ይነግሩኛል።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ስለ ሞት መጠየቅ ነው። አንድ ልጅ ተስፋ የቆረጠ ሲመስለኝ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ። መምህራንና ወላጆች ጥያቄው ራሱ ሐሳቡን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ይተክላል ብለው ይፈራሉ፤ ጉዳዩን የመረመሩ ጥናቶች ግን እንዲህ ያለ ውጤት አላገኙም፤ መጠየቁ ለብዙዎች እፎይታ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ልጁ ብቻውን አይተውም፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በዚያው ቀን ይጠራል፣ ወደ ጤና ባለሙያም እንዲደርስ ይደረጋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ በወዳጅነት ወሬ ይዞ ማቆየት በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚፈጸሙ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ውስጥ ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አርባ ተማሪ ያለበትን አንድ ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ብታዩት አምስት ወይም ስድስት ልጆች ማለት ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ወረቀት ይዞ የሚላክልኝ ግን ብዙውን ጊዜ የሚረብሸው አንዱ ብቻ ነው። ጸጥ ብለው የሚሰምጡትን ማንም አይልካቸውም።

አብዛኛው የቀን ሥራዬ ግን ከዚህ በጣም የቀለለ ነው። ውጤቷ በአንድ ጊዜ የወረደባት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ትምህርቱ አስጠላኝ» ብላ መጥታ ነበር። ለምን እንዳስጠላት ብጠይቃት ክርክር ውስጥ እንገባ ነበር፤ ስለዚህ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎቹ ስቲቭ ዲ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ ባስለመዱት የመለኪያ ጥያቄ ጀመርኩ። «ዜሮ ማለት ነገ ትምህርት ማቆም ነው፤ አሥር ማለት ደግሞ እዚህ መሆኔ ትክክል ነው ብለሽ የምትነሺበት ቀን ነው፤ ዛሬ ስንት ላይ ነሽ?» ስላት «ሦስት» አለች። በዚህ ጊዜ የመካሪ ምላስ «ለምን አሥር አልሆነም?» ለማለት ይቸኩላል። አማካሪው ግን «ለምን አንድ አላልሽም?» ይላል። ተገርማ አየችኝ፤ ጥፋቷን እንድትቆጥር እንጂ የቀራትን እንድትቆጥር ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቆይታ «የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ አለ» አለች። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ቤተ ሙከራው ነው፤ አብራት የምትሠራው ልጅ ማን እንደሆነች፣ ዓርብ ጠዋት ለምን ቀድማ እንደምትመጣ፣ ሌሎቹን ትምህርቶች ከዚያ ጋር የሚያያይዝ ነገር ይኖር እንደሆነ። «ወደ አራት ለመድረስ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ትንሽ ነገር ይበቃል?» ስላት የኬሚስትሪ የቡድን ሥራዋን ከዚያችው ልጅ ጋር ማድረግ እንደምትፈልግ ተናገረች። እኔ በበኩሌ የሰጠሁት ምክር አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም፤ የቡድን ለውጡን ለኬሚስትሪ መምህሯ ራሷ እንድትጠይቅ ከእኔ ጋር ሁለት ጊዜ ተለማመደች፣ ሄደችና ጠየቀች።

እንዲህ ያለው ሥራ በውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከራሴ ቢሮ ተነሥቼ መልስ ብሰጥ ማንም ሊያምነኝ አይገባም፤ የሚሳካላቸውን ብቻ የማስታውስ ሰው ልሆን እችላለሁና። ጥያቄውን በደንብ ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች መሆናቸው ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ክሪስቲን ሙልኸርን የተባለች ተመራማሪ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ለአማካሪዎች የሚያከፋፍሉት በቤተሰብ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል መሆኑን አስተዋለች። ፊደል ጎበዝና ሰነፍ አይመርጥም፤ ስለዚህ አንድ አማካሪ ዘንድ የደረሱት ልጆች ሌላው ዘንድ ከደረሱት በተሻለ ሁኔታ ከተመረቁ ልዩነቱን ከአማካሪው ጋር ማያያዝ ይቻላል። ያገኘችው ነገር የጎበዝ አማካሪ አስተዋፅኦ በትምህርት ማጠናቀቅና ዩኒቨርሲቲ በመግባት ረገድ ከጎበዝ መምህር አስተዋፅኦ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቅሙም ይበልጥ የሚጎላው አነስተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡና ዝቅተኛ ውጤት ላላቸው ልጆች ነው። ስኮት ካሬልና ማርክ ሆክስትራ ደግሞ በፍሎሪዳ አንድ አውራጃ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማካሪ ሲጨመር የተማሪዎች የሥነ ምግባር ችግር እንደሚቀንስ፣ የወንዶች ልጆች ውጤትም እንደሚሻሻል አሳይተዋል።

ከሙልኸርን ጥናት ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነጥብ ነው። ውጤቱ የመጣው አማካሪዎቹ ልጆቹን ይበልጥ ብልህ ወይም ይበልጥ ታታሪ ስላደረጓቸው ሳይሆን በዋናነት መረጃና ቀጥተኛ እገዛ ስለሰጧቸው ነው። የትኛው ትምህርት ለየትኛው ሙያ እንደሚያስፈልግ፣ ማመልከቻ መቼ እንደሚዘጋ፣ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ፣ የትኛው ቢሮ የትኛውን ማስረጃ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ አዋቂ በቤቱ ያለው ልጅ ይህ ሁሉ ነገር እንዳለ እንኳ ሳያውቀው ይሻገረዋል። እንዲህ ያለ አዋቂ የሌለው ልጅ ደግሞ በአንዲት ያልተፈረመች ወረቀት ይቀራል። ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንዚ ፔጅ ባጠኑት የአሜሪካ ሁኔታ፣ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏቸው ለመግባት ከወሰኑ ተማሪዎች አንዳንዶቹ በትምህርት ቤቱ መዘጊያና በዩኒቨርሲቲው መክፈቻ መካከል ባሉት የዕረፍት ወራት ይጠፋሉ፤ የተመረቁበት ትምህርት ቤት አማካሪ ከእነሱ ጋር ጨርሷል፣ የሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ገና አያውቃቸውም። በእነዚያ ወራት አማካሪዎች ደውለው ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲሰጡት የሚገቡት ልጆች ቁጥር ጨመረ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስልክ የዕረፍቱ ጊዜ ከመድረሱ በፊት እመዘግባለሁ። ስደውልላቸው ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ነገር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነው፤ ለእነሱ ግን የሚጠይቁት ሰው አለመኖሩ ዓመት ሊያስከፍላቸው የሚችል ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፤ በጊዜ ጉዳይ ላይ ደግሞ ቅሬታዬን ሳልደብቅ መናገር እፈልጋለሁ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ ከ250 ያልበለጡ ተማሪዎች እንዲመደቡ፣ ከሥራ ሰዓቱም ቢያንስ 80 በመቶው ተማሪዎችን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለማገልገል እንዲውል ይመክራል። ቁጥሩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄምስ ኮናንት እ.ኤ.አ. በ1959 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያቀረበው ምክርም ለ250 ወይም ለ300 ተማሪ አንድ አማካሪ የሚል ነበር። መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት የተመደበልኝ 1,100 ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ተቀምጬ አሰላሁት። እያንዳንዱን ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ላነጋግር ብል 550 ሰዓት ያስፈልገኛል፤ በቀን አራት ሰዓት ብመድብለት 138 የትምህርት ቀን ይወስዳል። በቀረው ጊዜ ለቅሶ የደረሰበትን፣ የተደበደበውን፣ የማቋረጥ ሐሳብ ያለበትን ሁሉ ላስተናግድ ነው።

ያውም አራቱ ሰዓት ከተገኘ ነው። መምህር ሲቀር ክፍሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ «ነፃ ነህ» ይባላል፣ ክፍለ ጊዜ የለውማ። ፈተና ሲኖር ፈታኝ ነኝ፤ ሮስተር ሲሞላ አጋዥ ነኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የሚያረፍዱትን እንድመዘግብና እንድመልስ መደረጌ ነው። በወቅቱ ብዙም አልከበደኝም፤ እንዲያውም ልጆቹን የማውቅበት አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት ልጅ በጓደኛዋ ተገፋፍታ ቢሮዬ ገባች፤ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠና «እርስዎ የበሩ ቲቸር አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። አዎ ስላት «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብላ ወጣች። ምን ልትነግረኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛ ጎድሎባቸው ነበር፤ በእሳቸው ዓይን ባዶ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማለት ሥራ የሌለው ሰው ማለት ነው። ባዶው ወንበር ሥራው መሆኑን፣ ልጅ በፈለገው ጊዜ መጥቶ እንዲቀመጥበት ባዶ መሆን እንዳለበት ማስረዳት አልቻልኩም። ቅጣትንና ምክርን በአንድ ሰው እጅ ማስቀመጥ ግን ከሠራተኛ እጥረትም ያለፈ ስህተት ነው። ጠዋት የሚቀጣህን ሰው ከሰዓት በኋላ አታማክረውም፤ የሚያረፍድ ልጅ ለምን እንዳረፈደ መንገር የሚችለው በማርፈዱ ለማይቀጣው ሰው ነው። አሁን ባለሁበት ቦታ በሥራ ዝርዝሬ ላይ ያስጨመርኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ አልቀመጥም፣ በር ላይም አልቆምም። መምህር ሲቀር ክፍል እይዛለሁ፤ በእሱ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ወረቀት ሳይላክ በፊት ልጁን ማግኘት ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የሚቻለው በመዝገብ ነው። ተመራማሪው ሮበርት ባልፋንዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ከትምህርት ቀናት ከ80 በመቶ በታች የሚገኝ፣ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የወደቀ፣ ወይም በሥነ ምግባር የተቀጣ ልጅ ከዓመታት በኋላ ትምህርቱን ሳይጨርስ የመቅረት ዕድሉ በጣም ከፍተኛ መሆኑን አሳዩ። ይህ መረጃ በየትኛውም ትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ የሚነበበው በዓመቱ መጨረሻ፣ ማን ወደቀ ለማለት ነው። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት የቀሪ መዝገቦቹን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ቅርጹን ነው የምፈልገው፤ ሁልጊዜ ሰኞ የሚቀር ልጅ፣ ሁልጊዜ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን የምትቀር ልጅ፣ ሁለት ወንድማማቾች እየተፈራረቁ የሚቀሩበት ሳምንት። ሁለት ልጆች ተራ በተራ ሲቀሩ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ ወላጆች ባጭሩ አንድ ነገር ልበል። ወላጅ ልጁ ካነጋገረኝ በኋላ «ምን አለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ እረዳዋለሁ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። መልሴ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሦስታችን አብረን እንቀመጥና ራሱ ይንገርዎት። አንዳንዱ ይቆጣል። አብዛኛው ግን ልጁ ከእሱ ፊት በራሱ አፍ ሲናገር ሲሰማ፣ እኔ ልነግረው ከምችለው በላይ ይሰማል።

ወደ ሒሳብ መምህሩ ልመለስ። ከዚያ ልጅ በኋላ በሻይ ሰዓት ተገናኝተን ረጅም ጊዜ አወራን፤ ለእሱም ለእኔም የማይመች ወሬ ነበር። «አንተ እንደምትመክረው አስቤ ነው የላክሁት፤ ታዲያ ሌላ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። ያየኸውን ጻፍ አልኩት፤ ምን መደረግ እንዳለበት ሳይሆን ምን እንዳየህ። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ እኔም ነገሩ በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ወሰነ ትምህርት አጋማሽ ላይ አንዲት ልጅ ከእሱ ዘንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ያው ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ነው፤ ፊርማውም ያው ነው። ላዩ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ድሮ እጅ ታወጣ ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቦታዋን ቀይራ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ትቀመጣለች። አላጠፋችም። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ወረቀቱን ለእሷም አሳየኋትና «መምህርሽ ያየው ይህን ነው፤ አንቺስ?» አልኳት። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።